ገጨ፣ ተገጨ፣ ተጋጨ

«ጃፓን ለዓለም ሁሉ መኪና ሠርታ ሸጠች፤ ለራሷ ግን የሚነዳላት ልጅ አጣች!» አለኝ አጅሬ፣ ገና ቡናዬን ሳልቀምስ።

ተረብ በባዶ ሆድ አይመለስም። አንድ ፉት አልኩና፣ «ታኩማ ሳቶን ታውቀዋለህ?» አልኩት።

«ያንን ሁልጊዜ የሚጋጨውን?»

«እሱኑ።»

«እሱንስ ከእኔ ይልቅ ግድግዳው ያውቀዋል!»

አጅሬን የማያውቅ ይወቀው፦ እኔና እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ላይ ካልተጠዛጠዝን ሳምንቱ አይሞላልንም። እሱ ይወጋል፣ እኔ እመልሳለሁ፤ ሒሳቡን የተሸነፈ ይከፍላል። የዚያን ዕለት እሱ ዐቃቤ ሕግ፣ እኔ የሳቶ ጠበቃ ሆነን ቁጭ አልን። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች ቀመር የምቆጥረው ሰውዬው የሚሽቀዳደመው በዚያው ቀመር ስለሆነ ነው እንጂ የእኛን ንቄ አይደለም።

«በል ከሥሩ እንጀምር» አለ። «ሌላው አሽከርካሪ ጡት ሳይጥል ካርት በምትባለው ትንሽ የውድድር መኪና ላይ ይወጣል። ያንተ ሰው እስከ 19 ዓመቱ የት ነበር?»

«ፔዳል እየመታ ነበራ!»

በ1977 ቶኪዮ የተወለደው ሳቶ 10 ዓመት ሲሆነው አባቱ ሱዙካ ወደተባለው የእሽቅድምድም ሜዳ ይዞት ሄደ። ፎርሙላ ዋን ሱዙካን ሲረግጥ ያ የ1987ቱ የመጀመሪያው ነበር። ልጁ አየርተን ሴናን በቢጫዋ ሎተስ አየውና ልቡ እዚያው አስፋልቱ ላይ ቀረ። ይሁን እንጂ ቤታቸው የእሽቅድምድም ቤት አልነበረም፤ ልብ ብቻውን ደግሞ ጎማ አይገዛም። ስለዚህ ብስክሌት ያዘ። በብስክሌትም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆነ። ካርት ላይ ሲወጣ የእድሜ እኩዮቹ ዋንጫ መደርደሪያ እያሠሩ ነበር።

ሱዙካ ያለው የሆንዳ የእሽቅድምድም ትምህርት ቤት የሚቀበለው እስከ 20 ዓመት ብቻ ነበር። ሳቶ የደረሰው በሩ ሊዘጋ ሲል ነው። አመልካቹ 70 ያህል፣ ቦታው 7። ምርጫው በወረቀት ነው፦ ማን ስንት ዓመት ነዳ፣ ማን ስንት ጊዜ አሸነፈ። የሳቶ ወረቀት ከአጅሬ የቁጠባ ደብተር የባሰ ባዶ ነበር። እጁን አወጣና ቃለ መጠይቅም ይታሰብልን ብሎ ጠየቀ። ሰሙት።

«አየህ! በምላስ ነው የገባው» አለ አጅሬ። «ታዲያ ከእኛ ሰፈር ልጅ በምን ይለያል?»

«በምላስ ገብቶ በእግሩ ነዳጅ ረግጦ በመውጣቱ። ሲያበቃ የነጻ ዕድሉን ያሸነፈው እሱ ነው። የእኛ ሰፈር በሽታ በምላስ መግባት መስሎሃል? በሽታው በምላስ ገብቶ በምላስ ጡረታ መውጣት ነው።»

አጅሬ ስኒውን አዞረ። አንድ ለዜሮ።

ከዚያ ሳቶ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። በ2001 የብሪታንያን ፎርሙላ ስሪ 12 ጊዜ አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ፤ ሴና በ1983 የወሰደውን ያንኑ ማዕረግ ለመጀመሪያ ጊዜ ጃፓናዊ ወሰደው። በዚያው ዓመት የማካዎንና የዛንድቮርትን ውድድሮችም ጠራርጎ ገባ። በ2002 ጆርዳን የተባለው ቡድን ፎርሙላ ዋን ውስጥ አስገባው።

«እዚህ ላይ ቁም!» አለ አጅሬ። «ኦስትሪያ ላይ ተጋጨ። ቪዲዮውን አይቻለሁ። መኪናው እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ተጨማደደ።»

«ሰዋስውህን አስተካክል፤ ተጋጨ አይባልም፣ ተገጨ ነው። ሳቶ በመንገዱ እየሄደ፣ የኒክ ሃይድፌልድ ሳውበር ፍሬን ላይ መቆጣጠር ጠፍቶት ሣሩን እየላጨ ወደ ኋላ መጥቶ ጎኑን በሳው። እግሩ ተጎድቶ ሆስፒታል ገባ። አማርኛ ለዚህ ሁሉ ቃል አላት፦ ገጨ፣ ተገጨ፣ ተጋጨ። አንተ ሦስቱንም በአንድ ሰው ላይ ትጭናለህ።»

«ገጨም ተገጨም ያው ብረቱ ተጣሞ ነው የሚመጣው።»

«ያው ከሆነማ ትራፊክ ፖሊስ ለምን ቆመ?»

የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ሱዙካ ላይ ነበር። በልጅነቱ አጥር ተደግፎ ያየበት ቦታ ላይ ሳቶ 5ኛ ወጥቶ የመጀመሪያዎቹን 2 ነጥቦቹን አገኘ። ይህንን ለአጅሬ ስነግረው «አጋጣሚ» አለ። አጋጣሚም ያው ከገጨ ዘር ናት መሰለኝ፤ ከአፉ አትወጣም።

«2004ን ልንገርህ» አለ፣ አሁን እሱ ተራውን ሲያጠናክር። «ሞናኮ ላይ መንገዱን ሁሉ በጭስ ሞላው። ከኋላ የነበረው ፊዚኬላ በዚያ ጭስ ውስጥ ኩልትሃርድ ላይ ወጥቶ ተገለበጠ። ገጨም አልገጨም፤ አጋጨ! ይህቺንስ በሰዋስውህ ውስጥ አስገብተሃታል?»

እዚህ ላይ ሳቅ አመለጠኝ። ነጥብ ሰጠሁት። ግን የፈነዳው ሞተሩ እንጂ ሰውዬው አይደለም፤ የዚያን ዓመት የሳቶ ሞተሮች የፋሲካ ርችት ነበሩ። በሳምንቱ ኑርበርግሪንግ ላይ ከሚካኤል ሹማከር ጎን ከፊተኛው ረድፍ ተነሣ፤ ጃፓናዊ እዚያ ረድፍ ላይ ሲቆም የመጀመሪያው ነው። ውድድሩ መሀል ባሪኬሎን ለማለፍ ዘሎ ገባና የመኪናውን አፍንጫ ሰበረ። ያቺ ደግሞ በሐቅ የሱ ናት። ቆይቶ ሞተሩም ተከተለ።

«ታዲያ ምን ተረፈው?»

«ሦስት ሳምንት። በሦስተኛው ሳምንት ኢንዲያናፖሊስ ላይ 3ኛ ወጣ። በ1990 አጉሪ ሱዙኪ ሱዙካ ላይ 3ኛ ከወጣ ወዲህ መድረክ ላይ የቆመ ጃፓናዊ አልነበረም። ዓመቱን በ34 ነጥብ 8ኛ ሆኖ ጨረሰ።»

«በሚቀጥለው ዓመትስ?»

«…1።»

«አልሰማሁም፣ ጮክ በል።»

«አንድ ነጥብ አልኩህ! ዓመቱን ሙሉ አንድ ነጥብ! ደስ አለህ?»

አጅሬ ሁለተኛ ቡና አዘዘ፤ በእኔ ሒሳብ መሆኑ ነው።

በ2006 ያው አጉሪ ሱዙኪ የራሱን ቡድን አቋቋመ። ሱፐር አጉሪ። ጊዜ ስላጠረው በ2002 አሮውስ በተባለ ቡድን ይነዳ የነበረ የመኪና አካል አምጥቶ ጠጋግኖ ለሳቶ ሰጠው። አራት ዓመት በፎርሙላ ዋን የአንድ ትውልድ ዕድሜ ነው።

«ሰልባጅ!» አለ አጅሬ በደስታ።

«ሰልባጅ። ግን ሰልባጅ ለብሶ ባለ ሱፉን ያስናቀ ስንት አለ መሰለህ። በ2007 ሞንትሪያል ላይ፣ በዚያው ድሃ ቡድን መኪና፣ ፈርናንዶ አሎንሶን አለፈው። አሎንሶ ማለት የዚያን ጊዜው የሁለት ዓመት የዓለም ሻምፒዮን፣ በማክላረን ላይ ተቀምጦ። ሳቶ 6ኛ ገባ፤ አሎንሶ ከኋላው።»

«ቡድኑስ?»

«በ2008 ግንቦት ላይ ገንዘብ አልቆ ተዘጋ።»

«አሎንሶን ሲያልፍ ኪሱን ጥሎ አለፈ በለኛ!»

ይህችን አልመለስኩላትም፤ ጥሩ ነበረች። ጥሩ ተረብ ሲመጣ ቆብ ማንሣት ያባት ነው። እውነቱም ይኸው ነበር። ሰውዬው 2009ን ያለ ወንበር ቁጭ ብሎ አሳለፈ። በ33 ዓመቱ፣ በ2010፣ ሻንጣውን አንሥቶ ኢንዲካር ወደተባለው የአሜሪካ ውድድር ገባ። እዚያም የመጀመሪያው ዓመት፣ አጅሬ ሳይጠይቀኝ ልመን፣ መካኒኮቹን ትርፍ ሰዓት አሠርቷቸዋል።

«እንግዲህ 2012ን አምጣ» አለ አጅሬ፣ እጆቹን እያሸ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ስለ ሳቶ የሚያወራ ሁሉ 2012ን ይዞ ነው የሚመጣው።

ኢንዲያናፖሊስ 500 ማለት እንዲህ ነው፦ ዙሪያው 4 ኪሎ ሜትር የሆነ ሞላላ ሜዳ፣ አራት ኩርባ፣ 33 መኪና፣ 200 ዙር፣ በጠቅላላው 800 ኪሎ ሜትር ግድም። ፍጥነቱ በሰዓት ከ350 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ሜዳውን የከበበው ግድግዳ ነው፤ ይቅርታ የሚባል ነገር አያውቅም። 199 ዙር አልቆ የመጨረሻው ሲጀመር ፊት ዳሪዮ ፍራንኪቲ ነበር፣ ቀጥሎ ሳቶ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ከፍራንኪቲ በውስጥ በኩል አንዲት ክፍተት ታየች። የሳቶ መፈክር የታወቀ ነው፦ ካላጠቃህ ዕድል የለህም። ገባ። ክፍተቷ ጠበበች። መኪናው ዞረና ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ፍራንኪቲ የአሸናፊውን ወተት ጠጣ፣ ሳቶ 17ኛ ተብሎ ተመዘገበ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!» አጅሬ ጠረጴዛውን መታ። «ዝም ብሎ ቢከተል 2ኛ አልነበረም? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«ኢንዲያናፖሊስ ላይ ቀስ በቀስ ያለ እንቁላል በእግሩ ሳይሄድ አስፋልቱ ላይ ይጠበሳል! ደግሞስ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። በዚያ ውድድር 2ኛ የወጣው ማን ነው?»

ዝም።

«አየህ። 2ኛውን ረሳኸው፣ 17ኛውን ግን እስከ ዛሬ ስትረግመው አለህ።»

ሁለት ለአንድ ይመስለኛል፤ አጅሬ ግን ቆጠራውን አልተቀበለም።

በ2013 ሳቶ ወደ ኤ.ጄ. ፎይት ቡድን ገባ። ፎይት ኢንዲያናፖሊስን አራት ጊዜ ያሸነፈ የቴክሳስ ሽማግሌ ነው፤ ቡድኑ ግን ከ2002 ወዲህ ድል የሚባል አላሸተተም። ሚያዝያ ላይ ሎንግ ቢች በሚባለው የካሊፎርኒያ የከተማ ጎዳና ሳቶ አሸነፈለት። በኢንዲካር ታሪክ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ሆነ። ሽማግሌው ያን ዕለት ቤቱ ነበር።

«ሳያየው ስለዋለ ነው የተሳካለት» አለ አጅሬ። «ባያይ ይሻላል ያለው ልቡ ነው።»

ከዚያ ድርቅ መጣ፤ ከአራት ዓመት ጥቂት ያለፈ ድርቅ። እስከ ግንቦት 28፣ 2017።

ያን ቀን ሳቶ 40 ዓመቱ ነው፤ በአንድሬቲ ቡድን፣ 26 ቁጥር መኪና ውስጥ። ያው አሎንሶ፣ ሞንትሪያል ላይ የታለፈው፣ የዚያን ዓመት ሞናኮን ትቶ ኢንዲያናፖሊስን ለመሞከር መጥቷል። በአንድሬቲ ሰፈር፣ በአንድ ዓይነት የሆንዳ ሞተር ሆነው ተነሡ። 21 ዙር ሲቀር የአሎንሶ ሞተር ጢስ ተፋ።

«ሞናኮ ላይ የወጣው ጭስ ነዋ!» አጅሬ ፈነደቀ። «13 ዓመት ሲዞር ቆይቶ አሎንሶ ቤት ገባ!»

ይህችንም መዘገብኩለት።

አሁን ልብ በሉልኝ። ሳቶ የመጨረሻውን ዙር አልጠበቀም። አምስት ዙር ሲቀር፣ ሦስት ጊዜ ያሸነፈውንና አራተኛውን ሊደግም የመጣውን ኤልዮ ካስትሮኔቬስን አለፈ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ በመከላከል ጨረሰ። በ2012 የጠበበችው በር ሌላ ሰው የያዛት በር ነበረች፤ በ2017 በሩን ቀድሞ ራሱ ያዘው። ልዩነቱ 0.2011 ሰከንድ ነበር፤ ዓይን ጨፍኖ እስኪገለጥ ያለው ጊዜ። ከእስያ ኢንዲያናፖሊስን ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ወተቱን ጠጣ።

«ወተት?»

«ወተት። በ1930ዎቹ ሉዊስ ማየር የተባለ አሸናፊ አሬራ ጠጥቶ ፎቶ ተነሣ፣ ልማድ ሆኖ ቀረ። ሌላው ስፖርት ሻምፓኝ ይረጫል፣ እነሱ ወተት ይጠጣሉ።»

«ጾም ከገጠመውስ?»

«ሳያሸንፍ ይውላላ!»

ወተቱ ከንፈሩ ላይ ሳይደርቅ ግን ሌላ ነገር ተከተለ። ዴንቨር ላይ የሚታተም ጋዜጣ የስፖርት ጸሐፊ፣ አሜሪካኖች በጦርነት የወደቁባቸውን በሚያስቡበት የዕረፍት ሰሞን ጃፓናዊ ይህን ውድድር ማሸነፉ እንዳልተመቸው ትዊተር ላይ ጻፈ። አገር ጮኸበት። ይቅርታ ጠየቀ። በማግሥቱ ጋዜጣው አሰናበተው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

አጅሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮስተር አለ። «እሱም እንደ እኔ ተረበ እንጂ ምን አደረገ? በተረብ ሰው እንጀራውን ያጣል?»

ስኒዬን አስቀመጥኩ።

«ስማኝ ወንድሜ። አንተ ከጠዋት ጀምረህ ሳቶን ስትወቅጠው በምንድን ነው? በሰበረው አፍንጫ፣ በአንድ ነጥቡ፣ በ2012። ሁሉም የሠራው ነው። የሠራውን ደግሞ ሠርቶ መልሶልሃል፤ የ2012ን አፍ በ2017 ዘግቶልሃል። ተረብ እንዲህ ነው፤ የተወጋው ሰው መልስ የሚያገኝበት በር ይተውለታል። ቶኪዮ መወለዱን ግን በምን ይመልስልህ? ዳግም ይወለድ? መልስ የሌለው ነገር ላይ የተወረወረ ቃል ተረብ አይባልም፤ ስድብ ነው። ያ ጸሐፊ በሩን ዘግቶ ነው የተሳደበው።»

«ታዲያ ስለ አገር አይቀለድም?»

«ይቀለዳል፤ ግን ማጣቀሻህ ይጣራ። ከ2006 እስከ 2011 በኢንዲያናፖሊስ የተነሣው መኪና ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ የሆንዳ ሞተር ነበረው። በእነዚያ ስድስት ዓመታት ሁሉ የጦር ሙታን ሰሞኑ እዚያው ግንቦት ነበር። ሞተሩ የጃፓን ስም ይዞ ሲያሸንፍ ሁሉም ተመችቶት ተቀመጠ፤ መሪውን የያዘው ሲሆን ነው ወንበሩ የቆረቆረው። እንግዲህ ያልተመቸው ሞተሩ ነው ወይስ ሰውዬው?»

አጅሬ ጥቂት ቆየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያቺ ጠዋት ስገባ ያልኳትስ?» አለ። «ጃፓን የሚነዳላት ልጅ አጣች ያልኳት?»

«እሷ አፋፉ ላይ ነበረች።»

«አፌን ቁርጥ ያድርገው። አነሣኋት።»

«አንተ ብታነሣትም ባታነሣትም ሳቶ መልሷታል። ይቀጥል?»

«ይቀጥል! ፖኮኖን!» ብሎ ወዲያው ነፍስ ዘራ።

የፖኮኖ ሜዳ፣ 2019፣ ነሐሴ። ገና በመጀመሪያው ዙር አምስት መኪና አንድ ላይ ተላተመ። ጣት ሁሉ ወደ ሳቶ ዞረ፤ በወደቀ ዛፍ ላይ ምሳር ይበዛበታል። ቡድኑ የመኪናውን ቪዲዮ አውጥቶ ተከራከረለት። አጅሬ «ገጨ» ይላል፣ እኔ «ተጋጨ» እላለሁ፤ እስከ ዛሬ አልታረቅንም። የማንጣላበት ግን ቀጣዩ ነው። በሳምንቱ ጌትዌይ ላይ ሳቶ አሸነፈ፣ በ0.0399 ሰከንድ። ትችቱ ገና ትኩስ ነበር፤ በላዩ ላይ ዋንጫ አስቀመጠበት።

በዚያው ዓመት እድሜው ሊያልፍበት ሲል ያስገባው የሱዙካ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር አድርጎ ሾመው።

«ምን ሊያስተምር? አገጫጨት?»

«እጅ አወጣጥ!»

በ2020 ደግሞ ወረርሽኙ ኢንዲያናፖሊስ 500ን ከግንቦት ወደ ነሐሴ ገፋው፤ ያ ሁሉ ወንበር ባዶውን ቀረ። ስኮት ዲክሰን ከ200ው ዙር 111ዱን መራ። ወደ መጨረሻው ግን ፊት የነበረው ሳቶ ነው። አምስት ዙር ሲቀር ስፔንሰር ፒገት ክፉኛ ተጋጨ፣ ቢጫ ባንዲራ ወጣ፣ ውድድሩ በዝግታ እየተነዳ አለቀ። ሳቶ በ43 ዓመቱ ሁለተኛውን ወተት ጠጣ።

«ያለ ተመልካች፣ በቢጫ ባንዲራ!» አለ አጅሬ። «ነዳጁም አይደርስለትም ነበር ያሉ አሉ። ዲክሰን 111 ዙር መርቶ! ይህ ድል ነው?»

«ሰርግ ላይ እስክስታ ማን አበዛ አይባልም፤ ሙሽራው ማን ነው ነው የሚባለው። ባንዲራው ሲወጣ ማን ፊት ነበር?»

«ሳቶ።»

«ማን ገጨ?»

«ሌላ ሰው።»

«ሳቶስ?»

አጅሬ ፈገግታውን ዋጠ። «አልተገጨም፣ አልተጋጨም፣ አላጋጨም» አለ። ግሡን አርብቶ ጨረሰልኝ።

ሒሳቡ የእሱ መስሎኝ ወንበሬን ልገፋ ስል እጄን ያዘኝ። «2025ን ሳትነግረኝ?»

ይህችን እንዳያውቃት ጸልዬ ነበር። በ2025 ሳቶ በ48 ዓመቱ ለኢንዲያናፖሊስ ከፊተኛው ረድፍ 2ኛ ሆኖ ተነሣ፤ በዚያ ሰዓት አንዳንዶቹ ተፎካካሪዎቹ ልጆቹ ይሆኑ ነበር። 51 ዙር መራ፤ ከማንም በላይ። ሦስተኛው ወተት ሸተተው። እየመራ ሳለ ጎማ ለመቀየርና ነዳጅ ለመቅዳት ወደ ቡድኑ ገባ። ተንሸራተተና መቆሚያውን አልፎ ሄደ። ወደ ኋላ እስኪመልሱት መሪነቱ ሄደ፣ ወተቱም ሄደ።

አጅሬ ተነሣ። ኮቱን አራገፈ። እጁን እንደ መኪና ጠባቂ ልጅ ወደ ላይ አነሣና፣ «ሁለት ጊዜ የዓለምን ትልቁን ውድድር ያሸነፈ ሰው ምን ጎደለው መሰለህ?» አለኝ። «ና፣ ና፣ ና፣ ና… በቃ! የሚለው የእኛ ሰፈር ልጅ!»

ሥራውን ነካ፤ ሰውዬውን ተወ። ሳቶ የፈለገ ቀን ገብቶ የሚመልስበት በርም ወለል ብሎ ክፍት ነው።

ሒሳቡን እኔ ከፈልኩ።